እንቅር ወይስ እንውጣ? የሞሱል ወላጆች ዘጠኝ ወራት

ነነዌን የማያውቅ የኢትዮጵያ ቤት ጥቂት ነው። ክርስቲያኑ ዐቢይ ጾም ከመግባቱ በፊት የሚመጣውን የሦስት ቀን ጾመ ነነዌ ሲጾም፣ ዮናስን የዋጠውን የዓሣ አንበሪ ታሪክ ለልጆቹ እየተረከ ኖሯል። ሙስሊሙም የነቢዩ ዩኑስን ታሪክ ከቁርኣን ያውቀዋል። የጥንቷ ነነዌ ፍርስራሽ ዛሬ የሚገኘው በሰሜን ኢራቅ፣ በጤግሮስ ወንዝ ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ ሞሱል በምትባል ትልቅ ከተማ ውስጥ ነው።

ይህች ከተማ ለሦስት ዓመታት ያህል በታጣቂ ቡድን እጅ ከቆየች በኋላ የኢራቅ መንግሥት ባካሄደው ሰፊ ዘመቻ ተመልሳለች። በዜና ሲነገር ነገሩ አጭር ነው፦ «የመንግሥት ጦር ከተማዋን አስለቀቀ» ይባላል፤ ካርታ ይታያል፤ ባንዲራ ሲሰቀል ይታያል፤ ከዚያ ወደ ስፖርት ይታለፋል። ልጅ ያሳደገ ሰው ግን ሌላ ጥያቄ ይመጣበታል። ጦሩ ሲገባ ልጆቹ የት ነበሩ? ምን በሉ? ማን ይዟቸው ወጣ? ከዚያስ በኋላ ማን አሳደጋቸው?

የዛሬው ጽሑፋችን «አስለቀቀ» በምትለው በዚያች አንዲት ቃል ውስጥ ያለፉትን ቤተሰቦች ይመለከታል። (ቀኖቹ በሙሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።)

ከተማዋ እንዴት ተያዘች?

ሰኔ 3 ቀን 2006 ዓ.ም. ራሱን «እስላማዊ መንግሥት» ብሎ የሚጠራው ቡድን፣ በተለምዶ አይኤስ የምንለው፣ ሞሱልን ተቆጣጠረ። በከተማዋ የነበረው የመንግሥት ኃይል በቁጥር ከአጥቂዎቹ እጅግ የሚበልጥ ቢሆንም በጥቂት ቀናት ውስጥ ተበተነ። ወደ ግማሽ ሚሊዮን የሚገመት ሕዝብ የያዘውን ይዞ ሸሸ። በዚያው ሰኔ መጨረሻ የቡድኑ መሪ አቡ በክር አል ባግዳዲ በከተማዋ ጥንታዊ መስጊድ፣ በአል ኑሪ፣ ሚንበር ላይ ወጥቶ ታየ።

ቡድኑ ለእኛም እንግዳ አይደለም። በሚያዝያ 2007 ዓ.ም. በሊቢያ በረሃና ባሕር ዳርቻ ስደተኛ ወገኖቻችንን ገድሎ ምስሉን ለዓለም ያሰራጨው ይኸው አይኤስ ነው። ያን ሳምንት በየቤቱ የነበረውን ለቅሶ ወላጆች አይረሱትም።

በሞሱል ለዘመናት የኖሩት ክርስቲያኖች በሐምሌ 2006 ዓ.ም. ሃይማኖታቸውን እንዲለውጡ፣ ግብር እንዲከፍሉ ወይም እንዲሞቱ ተነግሯቸው፣ ቤታቸው ላይ ምልክት ተደርጎበት ከተማዋን ለቀው ወጡ። የነቢዩ ዩኑስ መቃብር ነው ተብሎ በሙስሊሙም በክርስቲያኑም ይከበር የነበረው መስጊድ በዚያው ወር በፈንጂ ተደመሰሰ። በከተማዋ የቀሩት አብዛኞቹ ነዋሪዎች ሙስሊሞች ነበሩ። እነርሱም ከጥቂት ጊዜ በኋላ መውጣት እንደማይችሉ ተረዱ፤ ቡድኑ ከከተማዋ መውጣትን ከለከለ።

ትምህርት ቤቱ ሲለወጥ

ወላጆች መጀመሪያ የተፈተኑት በደብተር ነበር። አዲሶቹ ገዢዎች ታሪክ፣ ሙዚቃና ሥዕል ከትምህርት ቤት እንዲወጡ አደረጉ። የራሳቸውን መጻሕፍት አሳተሙ። የትንንሽ ልጆች የሒሳብ መጽሐፍ ድምርና ቅናሽን የሚያስተምረው በጥይትና በጠመንጃ ሥዕል ነበር። ወንዶች ልጆችን እየመለመሉ «የከሊፋው ደቦሎች» በሚል ስም በጦር ማሠልጠኛ ያስገቡ ነበር።

ብዙ ወላጆች ልጆቻቸውን ከትምህርት ቤት አስቀሩ። ይህ ቀላል ውሳኔ አልነበረም። ልጁን ቤት ማስቀመጥ ትምህርቱን ማጣት ነው፤ መላክ ደግሞ ልጁን ራሱን ማጣት ሊሆን ይችላል። ትምህርት ወዳድ በሆነች፣ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ባላት ከተማ የሚኖር አባት ልጁ ሳይማር እንዲቀር መምረጡ ምን ያህል እንደጨነቀው ያሳያል። በ2006 የመጀመሪያ ክፍል መግባት የነበረበት የስድስት ዓመት ሕፃን፣ ከተማዋ ስትለቀቅ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር፤ ፊደል ግን አልቆጠረም።

ቤት ውስጥም ዝምታ ነገሠ። የሳተላይት ዲሽ ተከለከለ፤ ስልክ ይዞ መገኘት ለሞት ያበቃ ነበር። ሕፃን ልጅ ምስጢር አይጠብቅምና ወላጆች በልጆቻቸው ፊት እንኳ ቃላቸውን መዘኑ። አባት በቤቱ የተናገረውን ልጅ በሜዳ ቢደግመው መዘዙ ለመላው ቤተሰብ ነበር።

«ከቤታችሁ አትውጡ»

ጥቅምት 7 ቀን 2009 ዓ.ም. የኢራቅ ጠቅላይ ሚኒስትር ሃይደር አል አባዲ ሞሱልን የማስመለስ ዘመቻ መጀመሩን በቴሌቪዥን አወጁ። የዘመቻው ስም «ነነዌ ሆይ፣ መጣንልሽ» የሚል ትርጉም ነበረው። የኢራቅ ጦር፣ የፀረ ሽብር ልዩ ኃይሉ፣ የፌደራል ፖሊስ፣ የኩርድ ፔሽመርጋ ተዋጊዎችና ሚሊሺያዎች በአንድነት ተሰለፉ፤ በአጠቃላይ ቁጥራቸው ወደ 100,000 እንደሚደርስ ይነገር ነበር። በአሜሪካ የሚመራው ጥምረት ከአየር ያግዛቸዋል። በከተማዋ ውስጥ የነበሩት የአይኤስ ተዋጊዎች በጥቂት ሺሕ የሚገመቱ ሲሆኑ፣ በመካከላቸው ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰላማዊ ሕዝብ ነበር።

ይህ ሕዝብ ምን ያድርግ? መንግሥት ከአውሮፕላን በበተናቸው በራሪ ወረቀቶችና በሬዲዮ ነዋሪው በቤቱ እንዲቆይ መከረ። ምክሩ ምክንያት ነበረው። ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው በአንድ ጊዜ ወደ በረሃ ቢወጣ የሚቀበለው መጠለያ አልነበረም፤ መንገዱም በፈንጂ የታጠረ ነበር። በቤቱ የቀረ ሰው ጦሩ ሰፈሩን ሲያልፍ ነፃ ይወጣል ተብሎ ታሰበ።

በምሥራቁ የከተማዋ ክፍል ምክሩ ለብዙዎች ሠራ። መንገዶቹ ሰፋ ያሉ፣ ቤቶቹም አዳዲስ ነበሩ። ውጊያው ከባድ ቢሆንም በርካታ ቤተሰቦች በደረጃ ሥርና በምድር ቤት ተሸሽገው አለፉ። ጥር 16 ቀን 2009 ዓ.ም. ምሥራቅ ሞሱል ነፃ መውጣቷ ታወጀ። ወንዶች ለዓመታት በግዳጅ ያሳደጉትን ጢም ተላጩ፤ ሴቶች ፊታቸውን ገለጡ፤ ልጆች ወታደሮቹን ከበው ፎቶ ተነሡ። ደስታው እውነተኛ ነበር፤ የቡድኑን አገዛዝ ያየ ሰው የዘመቻውን አስፈላጊነት አይጠራጠርም።

በጤግሮስ ላይ ያሉት አምስቱም ድልድዮች ግን ተመትተው ከጥቅም ውጭ ሆነው ነበር። የተዳረች ልጅ በምሥራቅ፣ እናቷ በምዕራብ የቀሩበት ቤት ብዙ ነው። ከወንዙ ማዶ ጭሱ ይታያል፤ መሻገሪያ የለም።

በሁለት እሳት መካከል

የምዕራቡ ዘመቻ የካቲት 12 ቀን 2009 ዓ.ም. ተጀመረ። ይህኛው የከተማዋ ወገን አሮጌው ከተማ ያለበት ነው፤ ቤቶቹ ግድግዳ የሚጋሩ፣ መንገዶቹ ለመኪና የማይበቁ። ታንክ አይገባም። ስለዚህ ከአየርና ከሩቅ መድፍ የሚመጣው ምት በዛ። አይኤስም ቤተሰቦችን ከቤት ቤት እየነዳ ተዋጊዎቹ ወዳሉበት ሰፈር ያስጠጋቸው፣ በሰገነታቸው ላይ አነጣጥሮ ተኳሽ ያስቀምጥ ነበር።

«እንቅር ወይስ እንውጣ?» የሚለው ጥያቄ ከዚህ ጀምሮ ትክክለኛ መልስ የሌለው ሆነ። ሁለት ቀኖችን ብቻ እንመልከት።

መጋቢት 8 ቀን 2009 ዓ.ም. በአል ጀዲዳ ሰፈር ጎረቤታሞች ጠንካራ ነው በተባለ አንድ ቤት ተሰብስበው ነበር። በጦርነት ጊዜ እንዲህ መሰባሰብ የተለመደ ነው፤ ግንቡ ወፍራም የሆነ፣ ምድር ቤት ያለው ሰው ለጎረቤት በሩን ይከፍታል። በሕንፃው ላይ ሁለት ተኳሾች ነበሩ። የአሜሪካ አውሮፕላን ቦምብ ጣለ። ሕንፃው ተደረመሰ። የአሜሪካ ጦር ራሱ ባደረገው ምርመራ ከ100 በላይ ሰላማዊ ሰዎች መሞታቸውን አመነ፤ ቦምቡ ቡድኑ እዚያ ያኖረውን ፈንጂ አብሮ እንዳፈነዳውም ገለጸ። እነዚህ ከቤት አትውጡ የተባሉና ከቤት ያልወጡ ሰዎች ነበሩ።

ግንቦት 24 ቀን ደግሞ በአል ሺፋ ሰፈር ሌሎች ቤተሰቦች መቆየት ሞት መሆኑን አምነው ወደ መንግሥት ጦር ለመሻገር ተነሡ። የአይኤስ ተኳሾች ከኋላ ተኮሱባቸው። የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብት ጽሕፈት ቤት እንዳስታወቀው በዚያ ቀን ብቻ ቢያንስ 163 ወንዶች፣ ሴቶችና ሕፃናት ተገድለዋል፤ አስከሬናቸውም ለቀናት በጎዳናው ላይ ቀርቷል። እነዚህ ደግሞ የወጡ ሰዎች ነበሩ።

ስለዚህ በሞሱል በሕይወት የተረፈ አባት ብልህ ስለነበረ፣ የሞተውም ስለተሳሳተ አይደለም። ያው አባት በአንደኛው ሰፈር ልጆቹን ያተረፈበት ውሳኔ በሌላው ሰፈር ያስጨርሳቸው ነበር። ይህን መረዳት ለተረፉት ሁሉ ከምግብ ቀጥሎ የሚያስፈልግ ነገር ነው። «እንዲህ ባደርግ ኖሮ» የሚለው ጸጸት ልጅ የሞተበትን ወላጅ ዕድሜ ልክ ይከተለዋልና።

ጡጦው ባዶ ሲሆን

ወደ ምዕራብ ሞሱል የሚወስደው የመጨረሻው መንገድ በኅዳር 2009 ዓ.ም. ተዘግቶ ነበር። ጦሩ ቡድኑን ለመክበብ ሲዘጋው የነዋሪው ስንቅም አብሮ ተዘጋ። በወራት ውስጥ የዱቄትና የስኳር ዋጋ ድሃ ሊደርስበት ከማይችል ደረጃ ወጣ። ሰዎች ስንዴ ቀቅለው፣ ከየግቢው ቅጠል ለቅመው በሉ። ንጹሕ ውኃ ስላልነበረ በየግቢው ጉድጓድ ተቆፈረ።

ከሁሉም በላይ የተጎዱት ጡት የሚጠቡ ሕፃናት ናቸው። ከሞሱል በስተደቡብ በቃያራ ከተማ ሆስፒታል የነበሩ የድንበር የለሽ ሐኪሞች ባለሙያዎች በከፋ የምግብ እጥረት የተጎዱ ሕፃናትን ሲቀበሉ፣ ብዙዎቹ ስድስት ወር ያልሞላቸው እንደነበሩ አስተዋሉ። በከተማዋ ብዙ እናቶች ከጡት ጋር የዱቄት ወተት መስጠት የለመዱ ናቸው። ወተቱ ከገበያ ጠፋ። በረኀብና በፍርሃት የደከመች እናት ጡቷ አልበቃም። በሌላ ጊዜ በሁለት ቀን የሚፈታ ችግር በተከበበች ከተማ የሕይወትና የሞት ጉዳይ ሆነ።

ከከበባው የወጡት ሰዎች አወጣጥም የሚነግረን አለ። ነጭ ጨርቅ በእንጨት አስረው፣ ሕፃኑን በትከሻ፣ መራመድ ያልቻለችውን አያት በእጅ ጋሪ ገፍተው ነው የወጡት። ለጋሪው ሸክም ሲመርጡ ዕቃውን ትተው አሮጊቷን ጫኑ። በዚያ ሁሉ ጭንቀት ሽማግሌን ያልጣለ ቤተሰብ ብዙ ነበር።

ድል ከታወጀ በኋላ

ሰኔ 14 ቀን አይኤስ የአል ኑሪን መስጊድና በመዝመሟ «ጎባጣዋ» የምትባለውን ጥንታዊ ሚናራ ራሱ አፈነዳ። ሐምሌ 3 ቀን 2009 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትሩ በሞሱል ተገኝተው ድል አወጁ። ዘመቻው ዘጠኝ ወር ገደማ ፈጅቷል፤ አንዲት እናት አርግዛ የምትወልድበት ጊዜ ማለት ነው። በዘመቻው መጀመሪያ የተፀነሱ ሕፃናት ሲያልቅ ተወለዱ፤ አንዳንዶቹ በድንኳን፣ አንዳንዶቹ በምድር ቤት።

አሶሼትድ ፕሬስ የሬሳ ቤት መዝገቦችንና ሌሎች ዝርዝሮችን መርምሮ ከዘመቻው በኋላ ባወጣው ዘገባ ከ9,000 እስከ 11,000 የሚደርሱ ሰላማዊ ሰዎች መሞታቸውን ገልጿል። ከሟቾቹ አንድ ሦስተኛ ያህሉ በመንግሥትና በአጋሮቹ ምት፣ ሌላው አንድ ሦስተኛ በአይኤስ እጅ የሞቱ ሲሆን፣ የቀሩት ማን እንደገደላቸው መለየት አልተቻለም። ከመኖሪያቸው የተፈናቀሉት ደግሞ ወደ አንድ ሚሊዮን ይጠጋሉ።

የወጡት ሰዎች መጀመሪያ የደረሱት ማጣሪያ ኬላ ላይ ነው። ወንዶችና ከፍ ያሉ ልጆች ከሴቶች ተለይተው፣ ስማቸው ከተጠርጣሪዎች ዝርዝር ጋር ይመሳከራል። ታጣቂው ጢሙን ተላጭቶ ከሕዝቡ ጋር ሊወጣ ስለሚችል ማጣሪያው አስፈላጊ ነበር። ይሁን እንጂ ስሙ ከሌላ ሰው ጋር የተመሳሰለበት ንጹሕ ሰው ለረጅም ጊዜ ሊታሰር ይችል ነበር። ሚስት በሐማም አል አሊል ወይም በሐሰን ሻም መጠለያ በድንኳን ትጠብቃለች፤ ባል የት እንደተወሰደ አይነገራትም።

ወረቀት የሌለው ልጅ

ከጥይቱ ይልቅ ረዘም ላለ ጊዜ የቆየው ችግር ወረቀት ነው። በሞሱል ላይ የቡድኑ አገዛዝ በቆየባቸው ሦስት ዓመታት የተወለዱ ሕፃናት የልደት ወረቀት የሰጣቸው አይኤስ ነበር። የተጋቡትም በእርሱ ማኅተም ነው የተጋቡት። የኢራቅ መንግሥት ያንን ማኅተም አያውቀውም። ሌሎች ደግሞ ሰነዳቸው በቤታቸው ፍርስራሽ ሥር ቀርቷል ወይም በኬላ ተነጥቀዋል።

የኖርዌይ የስደተኞች ምክር ቤት በ2011 ዓ.ም. ባወጣው ጥናት በኢራቅ መጠለያ ጣቢያዎች ብቻ ወደ 45,000 የሚገመቱ ልጆች የሲቪል ሰነድ እንደሌላቸው ገልጿል። ሰነድ የሌለው ልጅ ትምህርት ቤት ለመመዝገብ ይቸገራል፤ ሕክምና ለማግኘትና ካደገም በኋላ ተመዝግቦ ለማግባት ይቸገራል። ወረቀቱን ለማውጣት የአባት ማንነትና የወላጆች ጋብቻ መረጋገጥ አለበት፤ አባት ከሞተ የሞት ምስክር ወረቀት ይጠየቃል። አስከሬኑ ከፍርስራሽ ሥር ያልወጣ አባት ግን እንዴት ሞቱ ይመሰከራል?

አባቱ የቡድኑ አባል ነበር ለሚባል ልጅ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። እናቲቱ የደኅንነት ማረጋገጫ ትከለከላለች፤ ጎረቤት አይቀበላትም፤ አንዳንዷ ባሏን በይፋ እንድትክድ ትጠየቃለች። በዳይን መቅጣት ፍትሕ ነው። የአራት ዓመት ሕፃን አባቱን የመረጠ ይመስል ክፍል እንዳይገባ መከልከል ግን ፍትሕ አይባልም። ነገ ቂም ይዞ የሚያድገውን ልጅ ዛሬ ማሳደግ ማለት ነው።

አያቶች እንደገና ወላጅ ሲሆኑ

እናትና አባት የሞቱባቸው፣ ወይም እናት ሞታ አባት የታሰረባቸው ልጆች በአብዛኛው የተጠጉት ወደ አያቶቻቸው ነው። በኢራቅም እንደ እኛ አገር ወላጅ አልባን ልጅ መጀመሪያ የሚያነሣው ዘመድ ነው። ልጆቻቸውን ድረው አርፈው የነበሩ ሽማግሌዎች በስድሳና በሰባ ዓመታቸው እንደገና ጡጦ ያዙ፤ እንደገና ቦርሳ አንጠልጥለው ትምህርት ቤት በር ላይ ቆሙ፤ ለልጅ ልጃቸው ወረቀት ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ተንከራተቱ።

አያት ሁለት ሐዘን ይይዛል። የራሱን ልጅ ቀብሮ ሳያለቅስ የልጁን ልጅ ማባበል አለበት። ሕፃኑ በሌሊት እየባነነ ሲጮኽ፣ በአውሮፕላን ድምፅ ከአልጋ ሥር ሲገባ፣ አልጋው ላይ ሲሸና፣ ወይም ጨርሶ መጫወት ሲተው የሚያየው እርሱ ነው። በመጠለያዎቹ የሠሩ የሕፃናት ድርጅቶች ስለ እነዚህ ምልክቶች ደጋግመው ተናግረዋል። ብዙዎቹ ልጆች በእግራቸው ሲሸሹ አስከሬን ረግጠው አልፈዋል።

ትምህርት ቤቶች መከፈታቸው ለብዙዎች የመጀመሪያው መድኃኒት ሆነ። ምዕራቡ ገና እየተዋጋ ሳለ፣ በጥር 2009 ዓ.ም. በምሥራቅ ሞሱል 30 ትምህርት ቤቶች በሮቻቸውን ከፍተው 16,000 ያህል ልጆች መመለሳቸውን ዩኒሴፍ አስታውቋል። መስኮት አልነበራቸውም፤ ወንበር አልነበራቸውም፤ ልጆቹ በፈረቃ ነበር የሚማሩት። የዘጠኝ ዓመቱ ልጅ ከስድስት ዓመት ሕፃናት ጋር ተቀምጦ ፊደል ጀመረ። እያፈረም ቢሆን ጀመረ።

በራቸውን የከፈቱ ሰዎች

ስለ ጦርነት ለልጆች ስንናገር የገዳዮችን ስም ብቻ መጥራት የለብንም። ከሞሱል ሁለት ታሪኮችን እናንሣ።

ናዲያ ሙራድ የያዚዲ ተወላጅ ናት። አይኤስ ሐምሌ 27 ቀን 2006 ዓ.ም. የያዚዲዎችን አገር ሲንጃርን ካጠቃ በኋላ እናቷንና ወንድሞቿን ገድሎ እርሷን ባሪያ አድርጎ ወደ ሞሱል ወሰዳት። አንድ ቀን በሩ ሳይቆለፍ ስታገኘው አመለጠች። በጨለማ ያንኳኳችው የማታውቀውን የአንድ ሙስሊም ቤተሰብ በር ነበር። ቢያዙ እንደሚገደሉ እያወቁ አስገቧት፤ ሐሰተኛ መታወቂያ ፈልገው ከከተማዋ አስወጧት። ናዲያ በ2011 ዓ.ም. የኖቤል የሰላም ሽልማትን ከኮንጎው ሐኪም ዴኒስ ሙክዌጌ ጋር ተቀበለች። ያ በር ባይከፈት ኖሮ ዓለም ስሟን አይሰማም ነበር።

ሁለተኛው የታሪክ ምሁሩ ዑመር ሙሐመድ ነው። በቡድኑ አገዛዝ ሥር ሆኖ፣ የሚያየውን ግፍ «የሞሱል ዓይን» በሚል ስም በድብቅ ለዓለም ይጽፍ ነበር። ማንነቱን እናቱ እንኳ አታውቅም ነበር። ልጇን በየቀኑ እያየች ምን እንደሚሠራ የማታውቅ እናት! ስሙን በይፋ የገለጸው ከተማዋ ነፃ ከወጣች በኋላ፣ በ2010 ዓ.ም. ነው።

እኛስ ለልጆቻችን ምን እንበል?

የሞሱል ታሪክ ሩቅ ይመስላል፤ በአገራችን ባለፉት ዓመታት ጦርነት ያለፈባቸው ቤተሰቦች ግን ያለ አስተርጓሚ ይረዱታል። ከዚያ ለሚማር ሰው አራት ነገሮች ይበቃሉ።

አንደኛው ስምና ወረቀት ነው። በኢራቅም እንደ እኛ አገር ልጅ በአባቱና በአያቱ ስም ይጠራል። ከወላጁ የተነጠለ ሕፃን ሙሉ ስሙን፣ የእናቱን ስምና የሰፈሩን ስም ካወቀ የመገኘት ዕድሉ ከፍ ይላል። ልጆቻችን እነዚህንና አንድ የስልክ ቁጥር በቃላቸው ይያዙ። የልደት ምስክር ወረቀት ያላወጣ ወላጅ ያውጣ፤ ያወጣውም ቅጂውን በሌላ ዘመድ ቤት ያስቀምጥ።

ሁለተኛው ወሬ ነው። «ጦር ከፈታው ወሬ የፈታው» ይላል የአገራችን ሰው። የሬሳና የፍንዳታ ምስል የሚያሳየውን ስልክ ከሕፃናት ፊት እናርቀው። ትልቅ ሰው ያንኑ ዜና አሥር ጊዜ ሲደግም ሕፃኑ አሥር ጊዜ የተፈጸመ ይመስለዋል። ልጁ ሲጠይቅ ግን ዝም አንበል። አስቀድመን «አንተ ምን ሰማህ?» ብለን እንጠይቀው፤ ከዚያ ለዕድሜው በሚመጥን መጠን እውነቱን እንንገረው።

ሦስተኛው ልማድ ነው። በጭንቀት ጊዜ ለልጅ የሚያስፈልገው በሰዓቱ መብላት፣ በሰዓቱ መተኛት፣ መጫወትና መማር ነው። የሞሱል መምህራን መስኮት በሌለው ክፍል ያስተማሩት ይህን ስለሚያውቁ ነው። የሚባንን፣ አልጋው ላይ መሽናት የጀመረ ወይም ዝም ያለ ልጅ ቁጣ አያስፈልገውም፤ እቅፍ ያስፈልገዋል። ሳምንታት አልፈው ካልተሻለውም ባለሙያ ዘንድ መውሰድ ነው።

አራተኛው ጥላቻን አለማውረስ ነው። አይኤስ በሃይማኖት ስም ገደለ፤ ናዲያን ያተረፈው ቤተሰብ ደግሞ የዚያው ሃይማኖት ተከታይ ነበር። ልጆቻችን ሁለቱንም አብረው ይስሙ። «እነ እገሌ እንዲህ ናቸው» ብለን በቡና ሰዓት የምንጥለውን ቃል ሕፃኑ ከጥግ ሆኖ ያነሣዋል።

ሞሱል ዛሬ እየተገነባች ነው። ዩኔስኮ በ2010 ዓ.ም. በጀመረው ሥራ ጎባጣዋ ሚናራ ከፍርስራሿ በተለቀሙ ጡቦች ጭምር እንደ ቀድሞዋ ዘመም ብላ ተሠርታ፣ በ2017 ዓ.ም. መጨረሻ ተመርቃለች። አብያተ ክርስቲያናቷም እየተጠገኑ ናቸው። ጡብ ተለቅሞ ይገጠማል። የሰው ልጅ መጠገን ግን ሥራው የወላጅና የአያት ነው፤ ምረቃም የለውም።

በዚያች ከተማ ያኔ ሕፃን የነበሩት ዛሬ ጎረምሶች ሆነዋል። አሁን ይጠይቃሉ፦ «ለምን አልወጣንም ነበር?» ወይም «አባቴን ትተን ለምን ወጣን?» ለዚህ ጥያቄ ከወላጅ የሚጠበቀው ረጅም ማብራሪያ አይደለም። «የምናውቀውን ያህል አሰብን፤ ያሰብነውም ለአንተ ነበር» ማለት ይበቃል። እውነት ነውና ልጁ ያምነዋል።